የሊቀመንበሩ ልጅ

እየሩስ የኔሰው ከብልባላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚያስኬደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ጣራው ላይ የሚወርደው በረዶ ሰውን ከሰው አያደማምጥም። እዚያ ቤት ውስጥ የከተበቻቸው ሕፃናት አድገው ዛሬ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይፈተናሉ። ካዋለደቻቸው ሴቶች መካከል ለልጃቸው የእሷን ስም ያወጡ አሉ። እንዲህም ሆኖ ሰው በሌለችበት ሲያነሣት «እየሩስ» አይላትም። «የሊቀመንበሩ ልጅ» ነው የሚላት።

ቀበሌው ከዚያ ወዲህ ስንት ሊቀመንበር ቀያይሯል። ስም ሳይጠራ «ሊቀመንበሩ» ከተባለ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቷ አቶ የኔሰው።

አቶ የኔሰው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ። ሲመረጡ ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ፊደል የቆጠሩ፣ ድምፃቸው ከማዶ የሚሰማ ጎበዝ ነበሩ ይባላል። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት አምጡ የሚል ትእዛዝ ሲወርድ ያ ድምፅ የሚያስደነግጥ ሆነ። አንድ የገበያ ቀን ታጣቂ አስከትለው ገበያውን ከበቡና ጢሙ ያጎነቆለውን ሁሉ አፈሱት። በግ ሊሸጥ የወጣ፣ ለእናቱ ጨው ሊገዛ የወጣ፣ ዝም ብሎ ሰው ሊያይ የወጣ፣ ሁሉም ተሰልፎ ወደ ላሊበላ ተነዳ። ከተነዱት አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሞቱ የሚል መርዶም አልመጣም፤ ስለዚህ ተዝካር የወጣላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ከተወሰዱት አንዱ የአቶ የኔሰው ታናሽ ወንድም አዳም ነበር። ሊቀመንበሩ የራሳቸውን ደብቀው የሰው ልጅ ሰጡ እንዳይባሉ ከሁሉ በፊት አዳምን አቀረቡ። አዳምም እንደሌሎቹ ቀረ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ከበኩር ልጃቸው ጋር ቃል አልተነጋገሩም። አገሩ ታዲያ ይህን ሲያወራ «አላዳላም» አላለም። «ለገዛ ወንድሙ ያልራራ ለሰው ልጅ ሊራራ ኖሯል?» ነው ያለው። ወንድማቸውን ደብቀውት ቢሆንም የሚባለው አይጠፋም ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተፈትተው ሲመጡ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ያ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሻቸውን ያርሳሉ፣ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ማኅበር ላይ አይከለከሉም፤ ቦታ ይለቀቅላቸዋል። ጨዋታው ግን እሳቸው ሲቀመጡ ይቋረጣል።

እየሩስ ይህን ሁሉ የሰማችው ከቤቷ አይደለም። ምንጭ ላይ ወረፋዋ ሲደርስ ጀሪካኗን ወደ ኋላ ከሚገፉ እጆች ነው የሰማችው። ትምህርት ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ስትጣላ የምትሰማው ስድብ አንድ ነበር፤ «የአፋሹ ልጅ»። ደሳለ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ የገዛ ዘመዶቹ «ሴት ጠፍቶ ነው ከዚያ ቤት?» ብለው አኩርፈው ሠርጉን ሳይበሉ ቀሩ። ደሳለ ረጋ ያለ ገበሬ ነው። «የማገባው እሷን ነው» አለና አገባት፤ አንድ ልጅ ወለዱ።

ወደ ጤና ሥራ የገባችው አስባበት ነው። ለባሏ አንድ ጊዜ እንዲህ ብላዋለች፤ «አባቴ ከዚህ አገር ልጅ ወሰደ። እኔ ለዚህ አገር ልጅ ካቀበልሁ አንድ ቀን ሒሳቡ ይዘጋል።» እንዲህ ብላ አምና ነው ያን ሁሉ ዓመት በጭቃና በአቀበት የተንከራተተችው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ የቀበሌው ሹማምንት ወጥተው ሄዱ። ቢገኙ አይተርፉም ነበርና ማንም አልፈረደባቸውም። እየሩስም የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች፤ መሄድ ትችል ነበር። ነፍሰ ጡሮቹን አሰበችና መታወቂያዋን ጓሮ ቀብራ ቀረች። መብራቱም ስልኩም ባንኩም ጠፋ። ጤና ኬላው የታጣቂ ማደሪያ ሆነ። እሷ ቤቱ ከመያዙ በፊት መድኃኒቱን አውጥታ ገብስ ጎተራ ውስጥ ደብቃው ነበርና፣ በየቤቱ እየዞረች ሰው አከመችበት። እህል ያለውን «ለጎረቤትህ አካፍል» እያለች ለመነች፤ የሰጠ ሰጠ፣ ያልሰጠውን በስሙ ጠርታ አሳፈረችው። ጠብ ሲነሣ ዳኛ ስለሌለ ወደ እሷ ይመጡ ነበር።

የጎረቤቷ የአሰለች ነገር በተለይ ሲወራ ኖሯል። አሰለች ምጥ ላይ ደም አፈሰሳትና በቃሬዛ ወደ ላሊበላ ይዘዋት ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ታጣቂ አስቆማቸው።

«ማለፍ አይቻልም» አለ።

እየሩስ ከቦርሳዋ የላስቲክ ጓንት አውጥታ ዘረጋችለት። «እንግዲያው አንተ አዋልዳት። እኔ ባትሪውን እይዝልሃለሁ» አለችው።

ሰውዬው ቃሬዛው ላይ ያለውን ደም አየና መንገዱን ለቀቀ። አሰለች ተረፈች፤ ልጁም ተረፈ።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቅቆ ወጣ። ሹማምንቱ አንድ በአንድ ተመለሱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ደሴ ሥራ ይዟል ተባለና ቀረ። ከፋሲካ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ አዲስ ሊቀመንበር እንዲመርጥ ከወረዳው መልእክት መጣ። አሰለች ልጇን አዝላ ከቤት ቤት ዞረች። ሴቶቹ ሁሉ «እሷ ትሁንልን፤ ከእሷ ሌላ ማን አለን?» አሉ። ከዚያም ተሰብስበው ጤና ኬላ መጡና ለእየሩስ ነገሯት።

እየሩስ ደስ አላት። ደስታዋን ግን ለደሳለ ስትነግረው ፊቱ አልተፈታም።

«እምቢ በይ» አላት።

«ለምን?»

«አንቺ ስትቆሚ ሰው አንቺን አያይም። ከኋላሽ ያሉትን ነው የሚያየው።»

«ያን ሁሉ ወር አብሬያቸው ከርሜ?»

«ጭንቅ ላይ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እየሩስ። ጭንቁ አለፈ።»

በማግስቱ ወደ አባቷ ቤት ወረደች። አቶ የኔሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምተውት ነበር።

«በእኔ ምክንያት አትቅሪ» አሏት ከሞፈሩ ቀና ሳይሉ። «በእኔ ምክንያትም አትቁሚ። የአባቴን ስም አድሳለሁ ብለሽ ከሆነ ተይው።»

«ለራሴ ነው የምቆመው። ለቀበሌው ነው። ውሃ የለ፣ መንገዱ ፈርሷል…» ብላ ቆም አለች። ለማለት የመጣችው ሌላ ነበር። «አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስብሰባው ላይ ባይመጡስ?»

አቶ የኔሰው መጥረባቸውን አቆሙ። «አልመጣም» አሉ። አልተቆጡም። እንዲያውም እንደዚያ እንደምትላቸው ሲጠብቁ የቆዩ ይመስሉ ነበር፤ እሷን ያስለቀሳትም ይኸው ነው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሆነ። ከወረዳው የመጣው ወጣት ለአገሩ እንግዳ ነው። ጥቆማ ከሕዝቡ ይምጣ ሲል አሰለች ተነሥታ እየሩስን ጠቆመች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ ሰይፈ ሥላሴን ጠቆሙ።

ሰይፈ ሥላሴ የመሪጌታ ኪሮስ ልጅ ነው። መሪጌታ የዚያን አገር ዲያቆን ሁሉ ያስተማሩ፣ በረሀብ ዘመን የተማሪዎቻቸውን ቁራሽ ለድኻ ያካፈሉ፣ ሲሞቱ ከላሊበላ ድረስ ካህናት የመጡላቸው ሰው ነበሩ። ልጅየው ክፉ አይደለም። ቅኔ ቤት ጀምሮ ተወው፤ ላሊበላ ወርዶ ለቱሪስት መስቀል ሸጠ፤ ጦርነቱን ጦር ያልደረሰበት ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጦ አሳለፈው፤ ከተመለሰም ገና ቅርብ ጊዜው ነበር። ሰው ሲያናግረው ፈገግ ይላል፤ ያለው ምግባር በጥቅሉ ይኸው ነው።

«ሰይፈ ሥላሴን ከአባቱ እናውቀዋለን» አሉ የጠቆሙት ሽማግሌ። «ሌላ ምን ያስፈልጋል? ዘር ከልጓም ይስባል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የመስማማት ነው። ቀጥሎ ሸጌ የሚባል ጠመንጃ አንጋች እጁን አወጣ። ከጦርነቱ ወዲህ ሌባ ከብቱን ነድቶበት የመረረው ሰው ነው።

«እኔ እየሩስን ነው የምመርጠው» አለ። እየሩስ ቀና አለች። «ለምን ብትሉኝ፣ አገሩ ተበላ። ማን ያስደነግጠው? አባቷ ሊቀመንበር በነበሩ ጊዜ በሬ ሜዳ ያድር ነበር፤ እስቲ ማን ይነካዋል? ያን ጊዜ የነበራችሁ ተናገሩ! ይህ ሕዝብ ካልፈራ አይኖርም። እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል፤ እሷ ግን አመድ አይደለችም። በእህሉ ጊዜ አላያችኋትም? ንፉጉን በስሙ እየጠራች ስታዋርደው? ያ የአባቷ ነው!»

ከኋላው የቆሙት ጎረምሶች አጨበጨቡ። እየሩስ እንደገና አንገቷን ደፋች። ለረኃብተኛ እህል የለመነችበትን ቀን ሰዎቹ እንዴት እንዳዩት አሁን ገና መስማቷ ነው።

ጭብጨባው ሳይበርድ እማሆይ ውባንቺ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ቢጫ ልብሳቸው ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል። ሰው ሁሉ ዝም አለ።

«አንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «የሻው ይባላል። ጨው ግዛልኝ ብዬ ገበያ ሰደድሁት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይችን ልጅ አልጠላትም። እግሬ ሲመረቅዝ በእጇ ያጠበችኝ እሷ ናት፤ እግዚአብሔር ዋጋዋን ይክፈላት። ማኅተሙን ግን ለዚያ ቤት አትስጡብኝ። ከሞትሁ በኋላ እንደፈቀዳችሁ አድርጉ። በሕይወቴ አትስጡብኝ።»

የወረዳው ወጣት የነገሩ ሥር አልገባውም። ግራ ተጋብቶ እየሩስን «መልስ አለሽ?» አላት።

እየሩስ ስለ ምንጩ፣ ስለ ፈረሰው ድልድይ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ወንበር ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር። አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«እማሆይ፣ የሻውን እኮ እኔ አልወሰድሁትም» አለች። «እኔ አልተወለድሁም ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ እንደገና።

በዚህ መካከል ሕዝቡ ከዳር ጀምሮ ሲከፈል ታየ። አቶ የኔሰው መጡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ለይቅርታ የሚሸከመውን ያህል፣ አንገት የሚያጎብጥ ድንጋይ ነው። እየሩስ «አባዬ!» አለች፤ አልሰሟትም። ቀጥ ብለው ሄደው እማሆይ ውባንቺ ፊት ተንበረከኩ።

«የወሰድሁት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው ተሰባብሯል። «የሻውንም፣ የሌሎቻችሁንም፣ አዳምንም። ታዝዤ ነበር፤ ግን ያዘዘኝ ሰው እዚህ የለም፣ ያለሁት እኔ ነኝ። እርግማኑን እኔው ላይ ጨርሱት። ለእሷ አታስተርፉላት። ልጆቻችሁን የተቀበለው እጅ የእኔ እጅ አይደለም።»

ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እማሆይ ውባንቺ የሚናገሩ መሰሉ። ያኔ ከሽማግሌዎቹ ወገን አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ዛሬ ነው የተሸከሙት? ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ጠፍቶ ነበር? ልጃቸው ልትሾም ስትል ድንጋይ ተገኘ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላም ሳቀ። እማሆይ ውባንቺ ፊታቸውን አዞሩ።

አቶ የኔሰው ግን ይቅር ሳይባሉ ድንጋዩን ማውረድ ስለማይችሉ እንደተንበረከኩ ቀሩ። ላባቸው ከግንባራቸው ላይ ይንጠባጠባል። የወረዳው ወጣት ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አለ። ድምፅ የተሰጠው እሳቸው እዚያው ተንበርክከው ሳሉ ነው።

ለሰይፈ ሥላሴ የተነሣው እጅ ሜዳውን ሞላው። ለእየሩስ ሲባል መጀመሪያ የተነሡት የሸጌና የጎረምሶቹ እጆች ናቸው። አሰለች አነሣች፤ ከእሷ ጋር ጥቂት ሴቶች አነሡ። ሌሎቹ፣ ምጣቸውን የምታውቀው፣ ሲጮኹ እጇን የነከሷት ሴቶች፣ ባሎቻቸውን አዩና እጃቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ ቀሩ። እየሩስ የተነሡትን እጆች እያየች፣ ከእነዚህ ውስጥ ለእኔ የተነሣ ስንቱ ነው ብላ አሰበች። ያልመረጧት በአባቷ ነው። ከመረጧትም የሚበዙት በአባቷ ነው።

ሰው ሲበተን ደሳለ ድንጋዩን ከአማቱ ትከሻ ላይ አወረደ። ሽማግሌው ተደግፈው ተነሡ። ደሳለና እየሩስ በግራና በቀኝ ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ደጃፍ ሲደርሱ እየሩስ መቻል አቃታት።

«አልመጣም ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር» አሉ። «ሳትናገሪ አንገትሽን ስትደፊ ከማዶ ሆኜ አየሁሽ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰይፈ ሥላሴ ጤና ኬላ መጣ። ራስ ምታት አለብኝ ብሎ ነው የመጣው፤ ኪኒኑን ሲቀበል ግን እጁ ላይ ይዞት ቆመ።

«ይህን ሥራ እኔ አላውቀውም» አላት። «ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ እንኳ አላውቅም። እኔን አይደለም የመረጡት፤ አባቴን ነው።»

«እኔንም አይደለም የጣሉት» አለችው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ዋጠው» ብላ በሩን ከፈተችለት።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ አገረሸ። ከላይ ለዘመቻ ወጣት አምጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሰይፈ ሥላሴ መጀመሪያ በየቤቱ ዞሮ ለመነ፤ የወጣለት ጥቂት ነው። ከዚያ ከላይ ተቆጡት። መስከረም ሳይጋመስ፣ ብልባላ ገበያ በቆመበት ቀን፣ ሚሊሻ ይዞ መውጫውን ዘጋ። ባቄላ ሊሸጥ የመጣ፣ ለእህቱ ደብተር ሊገዛ የመጣ፣ ሁሉም መኪና ላይ ተጫነ። ሸጌ ከጎረምሶቹ ጋር ሆኖ ያመለጡትን አሳደደ።

ያን ሰሞን እየሩስ ክትባት ለመስጠት በየቤቱ ስትዞር ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። ልጃቸው የሄደባቸው ያለቅሳሉ፣ ይራገማሉ፤ የሚራገሙት ግን ዘመኑን ነበር፣ ጦርነቱን ነበር፣ ከላይ ያሉትን ነበር።

«እሱ ምን ያድርግ? ታዞ ነው» አለች አንዷ።

«እያለቀሰ ነው የጫናቸው አሉ» አለች ሌላዋ። «የመሪጌታ ልጅ ባይሆን የባሰ ይሆን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ…» ብላ እየሩስን አየችና ነገሩን ዋጠችው።

የተለየ ነገር ያደረጉት እማሆይ ውባንቺ ብቻ ናቸው። የሚወስዱባቸው ልጅ የላቸውም። ዜናውን እንደሰሙ ተነሥተው፣ አቀበቱን እያረፉ ወጥተው፣ ሰይፈ ሥላሴ ደጃፍ ላይ ቆሙና «ልጆቹን መልስ! የመሪጌታ ልጅ፣ ልጆቹን መልስ!» እያሉ ጮኹ። በስብሰባው ቀን ሜዳውን ጸጥ ያሰኙትን እማሆይን ሽማግሌዎቹ አሁን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው መለሷቸው። «እርጅና ነው» አሉ። «የዱሮው ከዛሬው ተቀላቅሎባቸዋል።»

እየሩስ ይህን ሁሉ ለአባቷ አልነገረችም። እሳቸው ግን ሰምተው ነበር፤ አንድ ቀን ጉልበታቸውን ስታሽላቸው ጠየቋት።

«ምን ይላል ሰዉ?»

«ታዞ ነው ይላሉ።»

«አለቀሰ አሉ?»

«አዎ። እያለቀሰ ነው ይላሉ።»

አቶ የኔሰው ጉልበታቸውን ከእጇ ሰበሰቡ። «እኔ አላለቀስሁም» አሉ። «ሊቀመንበር አያለቅስም ብዬ ነው እንጂ፣ አዳም መስመሩ ላይ ሆኖ ዞሮ ሲያየኝ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥሁት። ማልቀስ ነበረብኝ ኖሯል።»

ጥር ላይ ሞቱ። ከስብሰባው ወዲህ ወገባቸው ቀጥ ብሎ አያውቅም ነበር። የቀብር ማኅበሩ፣ ቅሬው፣ ደንቡ ነውና መጣ፤ መቃብር ቆፈረ፣ ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ሙሾ አውራጅ ግን አልተገኘም። የሟችን ሙያ እየጠራ የሚያስለቅስ ሰው በጠፋበት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የንፍሮው ሳህን ድምፅ ብቻ ነበር። ሰይፈ ሥላሴ መጥቶ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ፤ ሰው ለእሱ ተነሣለት።

እማሆይ ውባንቺ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ፣ መቃብሩ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው እየሩስ አገኘቻቸው።

«ይቅር ልለው ነበር የመጣሁት» አሏት። «ከሞተም ቢሆን ልበለው ብዬ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

እየሩስ አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፋ ቁልቁለቱን አወረደቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራዋን እንደ ወትሮው ሠራች፤ ሒሳቡ ይዘጋል የሚለው ሐሳብ ግን ከእሷ ጠፍቶ ነበር። ሌሊትም ቀንም ስትጠራ ትሄዳለች፣ ልጁን ትቀበላለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች፣ ለእናቲቱ አቀብላ ወዲያው ዕቃዋን ትሰበስባለች። ገንፎ ብዪ ሲሏት «ሌላ ቤት ይጠብቁኛል» ትላለች። አሰለች ይህ ለውጥ ገብቷታል።

«ተቀይመሽናል» አለቻት አንድ ቀን።

«አልተቀየምሁም።»

«እኔ እኮ እጄን አነሣሁ፣ እየሩስ።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ራሷም የእማሆይን ቃል መናገሯን ልብ አላለችም።

ከፋሲካ በኋላ ሸጌ ደጇ ድረስ መጣ። ሰይፈ ሥላሴ ተሰላችቷል፣ ማኅተሙን ሊያስረክብ ነው ይባላል፤ በሚቀጥለው ምርጫ እሷን እንደሚያስመርጧት፣ አሁን የሚደግፋት ሰው እንደበዛ ነገራት።

«ምን ብለው ነው የሚደግፉኝ?» አለችው።

«የአባቷ ልጅ ናት ብለው ነዋ! በቀብራቸው ላይ እንባ ሳታፈሺ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ሰው አይቶሻል። እንዲያ ያለ ጨካኝ ነው የሚፈለገው።»

እየሩስ በዚያው ሳምንት የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች።

ዝውውሩ የደረሳት ወገል ጤና ነው። ደሳለ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ልጃቸውን ይዞ ሊከተላት ተስማሙ። ከቀበሌው ስትወጣ ሴቶቹ እስከ መኪና መንገዱ ሸኟት። አለቀሱም። ከልብ ነው ያለቀሱት፤ ይህን እሷም አልተጠራጠረችም። መኪናው ሲነሣ አንዷ ከጎኗ ለቆመችው «የሊቀመንበሩ ልጅ ሄደች እንግዲህ፤ አሁን ማን ያዋልደናል?» ስትል በመስኮቱ ተሰማት።

ወገል ጤና ያለችው የደላንታ ደጋ ላይ ነው። ብርዱ ከላስታ የባሰ ነው፤ ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል። ጤና ጣቢያው ስትደርስ ሠራተኛ የምትመዘግበው ሂንድ የምትባል ሳቂታ ሴት ነበረች። ብርድ ያደነዘዘውን እጇን አሙቃ፣ የእየሩስን ወረቀት ተቀብላ አነበበችው።

«እየሩስ የኔሰው» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ቀና አለች። «የኔ ሰው! ምን ያለ ደስ የሚል ስም ነው ለአባትሽ ያወጡላቸው። በሕይወት አሉ?»

«የሉም» አለች እየሩስ።

«ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበሩ መቼም፤ ስማቸው ይናገራል።»

እየሩስ ማደሪያ ቤት ከየት እንደሚገኝ ጠየቀቻትና ጓዟን አንሥታ ወጣች።